የግራው ምት

ሰልማን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግራ እጁ የሌላ ሰው እጅ ሆነበት። ቢቆነጥጡት አያውቅም። ምግብ ሲቀርብለት የሳህኑን ቀኝ ግማሽ በልቶ "በቃኝ" ይላል፤ የግራው ግማሽ እንዳለ ይመለሳል።

ወሎ ሳለም፣ አሜሪካ ኮሎምበስ ከገባም በኋላ፣ መንዙማ ላይ ድቤ የሚመታው እሱ ነበር። አሁን ድቤው ክሊንተንቪል ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ አቧራ ለብሷል። ሰው ሁሉ አዘነለት። እሱ ማዘኑም አልመጣለት አለ።

የሚስቱ የዙልፋ እህት ሙኒራ ዳውንታውን የምትሠራ ፕሮግራመር ናት። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፕ ይዛ መጥታ ቤዝመንቱ ውስጥ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ ስፒከሩን በግራው በኩል አቆመች። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል።

"እያንዳንዷ ሳጥን ግራና ቀኝ ጎረቤቶቿን አይታ ትጠቁራለች ወይ ትነጣለች" አለችው። "የጠቆረችው ትመታለች፣ የነጣችው ዝም ትላለች። ከአንዱ ረድፍ ሌላው ይወለዳል። ጋሼ፣ እርስዎ በቀኝ ይምቱ፤ የግራውን ማሽኑ ይመታልዎታል። ድምፁን ከራስዎ ድቤ ነው የቀዳሁት።"

ዙልፋ የሰልማን ቴራፒስት እንዳዘዘቻት ግራ እጁን አንስታ ድቤው ላይ አኖረችለት። ሰልማን ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ በቀኙ መታ። ማሽኑ መለሰለት። ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ ምት ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወደ ምድር ቤቱ ይወርድ ጀመር፤ ሌላ የሚሠራው ነገር አልነበረውም።

እየዋለ ሲያድር ማሽኑ ተበላሸ። ይዘገያል፣ ይደናቀፋል፣ አንዳንዴም ምት ይደርባል።

በዚያው ሰሞን የመንዙማው ሰዎች ለመውሊድ ማን እንደሚመታ ጠየቁ።

"ድቤውን ለሃቢብ ስጪው፤ እሱ ይምታላቸው" አላት ዙልፋን። "ማሽን ተሸክሜ መንዙማ አልገባም። ያውም የታመመ ማሽን።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትሟገተው ነበር። "ሃቢብ ትንሽ ይጠብቅ" ብላ ብቻ ወደ ላይ ወጣች።

ሰልማን ሙኒራን ኮል አደረገላት። "ይሄ ነገርሽ አይረባም፤ ውሰጂልኝ።"

"ማሽን እንዴት ይዘገያል፣ ጋሼ? መጥቼ ቼክ ላድርገው።"

ስትመጣ እየመታ ነበር። ሳጥኖቹ ይጠቁራሉ፣ ይነጣሉ። ከግራ በኩል ያ የተሰነካከለ ምት ቀኙን ይከተላል።

"ሰማሽው?" አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ሙኒራ ጎንበስ ብላ የስፒከሩን ገመድ ፈለገች። ከዚያ ቀና ብላ ድቤው ላይ ያለውን ግራ እጁን፣ ቀጥሎም እህቷን አየች። ዙልፋ አፏን በሻሿ ሸፍናለች።

"ስፒከሩን ከነቀልኩት ሳምንት አለፈው" አለች ዙልፋ።