አሥር አምፔር ከምናምን

ከአባቷ የድሮ ፊልም ማሳያ ማሽን ሥር ተንበርክካ ለብቻዋ ትስቃለች። "ዋቱን ለቮልቱ ሳካፍለው አሥር አምፔር ከምናምን ይመጣል፤ ከዚያ ካለፈ አምፖሉ ይቃጠላል" አለች። ሌላ አምፖል ደግሞ የለም።

ደጅ ያሉት ሰዎች እየጮኹ በሩን ይገፋሉ።

"ልጄ፣ በሩን ሊነቅሉት እኮ ነው" አሉ አባቷ።

"ትንሽ ያቆዩልኝ፣ አባባ።"

ማዞሪያውን ቀስ እያለች አዞረችው። የመለኪያው ቀስት ስምንትን፣ ዘጠኝን አለፈ፤ አሥርን ጥቂት አለፍ እንዳለ እጇን አነሳች። ግድግዳው በብርሃን ተጥለቀለቀ። አባቷ በጎረምሳነታቸው፣ ከነሚዜዎቻቸው እናቷ ቤት በር ላይ ተከልክለው፣ ላብ በላብ ሆነው ሲጋፉ ታዩ። ሽማግሌው በሳቅ ፍርስ አሉ።

"አሁን ሙሽራውን ያስገቡልኝ" አለች፣ ግራሶ የነካውን ቱታ ከቬሎዋ ላይ እያወለቀች።