የፋሲካው ቀሚስ

«የሮስኮ ስም ከሁሉም በላይ ይሁን» አለ የሰልፉ መሪ ጃባሪ። ኦዴሳ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

አንሶላው የራሷ ነው። ሁለት አንሶላ ገጥማ ሰፍታ፣ ፖሊስ የገደላቸውን የሰፈር ልጆች ስም ትለጥፍበታለች። ነገ እሑድ ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዲትሮይት ማዘጋጃ ቤት ድረስ ተሸክመውት ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ፊደል የሚቆረጠው ከሟቹ ከራሱ ልብስ ነው። እናት ታመጣለች፣ ኦዴሳ ትቆርጣለች። የዊሊ ስም ከፋብሪካ ቱታው ወጥቷል፤ የትንሹ የኦቲስ ከፒጃማው።

ሮስኮን ፖሊሶች ጣቢያ ውስጥ ቀጥቅጠው ገደሉት። ይህን ኦዴሳም አትክድም። ጣቢያ የገባው ግን ሚስቱን ቨርኔታን፣ የኦዴሳን አንድ ልጅ፣ በኩሽና ቢላዋ ወግቶ ስለገደላት ነው። ይህንንም የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ያውቃል።

መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «የልጄስ ስም?»

ዶሮ የሚግጡት ሁሉ ማኘክ አቆሙ። ጃባሪ ጢሙን አሻሸ። ጃባሪ የሚል አፍሪካዊ ስም ለራሱ ሳያወጣ፣ ገና ሌስተር እየተባለ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ንፍጡን ትጠርግለት የነበረችው እሷ ናት።

«እማማ ኦዴሳ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ይሄ ፖሊስ ለገደላቸው ነው።»

«የኔዋን ታዲያ ጉንፋን ገደላት?»

«ቨርኔታን የማይወድ የለም። ግን ነገ ጋዜጠኞች ይመጣሉ። ገመናችንን ለነጭ አናሳይም። ‹እነዚህ እርስ በርሳቸው ይተራረዳሉ› ብለው እንዲጽፉብን ነው የሚፈልጉት?»

«አርዷታል እኮ! ይጻፉታ!»

«ይታገሡን። ነፃ ስንወጣ የሴቶቹም ተራ ይደርሳል።»

«አንተ ጡት ከጣልክ ጀምሮ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው፣ ሌስተር። እስከዚያው ዶሮውን ልጥበስልህ፣ አይደል?»

ኤርሊን፣ የሮስኮ እናት፣ ከምድጃው አጠገብ ጥቁር ባርኔጣዋን እንዳደረገች ተቀምጣለች። «ልጅሽ ምላሷ አያርፍም ነበር» አለች። «ባል ደክሞት ሲገባ ዝም ማለት አታውቅበትም። ልጄን ለገዳዮቹ ያስረከበችው እሷ ናት።»

«ምላሷን ከኔ ነው የወረሰችው፣ እህት ኤርሊን። ልጅሽም እጁን ከአባቱ ወርሷል፤ የፊት ጥርስሽን ካወለቀው።»

ኤርሊን ጓንት ባጠለቀ እጇ አፏን ሸፈነች። አንዱ ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀና በሳል አሳበበ።

«ድምፅ እንስጥ» አለ ጃባሪ። «እንደተባለው ፖሊስ የገደላቸው ስም ብቻ ይሁን የምትሉ፣ እጃችሁን!»

ወንዶቹ አወጡ። ሴቶቹም አወጡ፤ ኦዴሳ ልጆቻቸውን ያዋለደቻቸው፣ የሠርግ ቀሚሳቸውን የሰፋችላቸው። ሐሙስ ሐሙስ ስለ ጥቁር ሴት ነፃነት ከመጽሐፍ የምታነብላቸው የኮሌጅ ተማሪዋ ዳያን እንኳ እጇን አወጣች። እስከ ጆሮዋ ድረስ ብቻ ነው፤ ግን አወጣች።

ኦዴሳ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ አንገቷን ወደ ኤርሊን መለሰች። «የልጅሽ ልብስ የታል?»

«ፖሊሶቹ አልመለሱልኝም» አለች ኤርሊን። «የቀረውንም ለወንድሙ ሰጥቼዋለሁ።»

«ካገኙት ጨርቅ ይቁረጡለት» አለ ጃባሪ፣ ሰዓቱን እያየ። «ብቻ ከሩቅ ይታይ።»

ዳያን ቀና ብላ ሳታያት ፊደሎቹን በወረቀት ቆርጣ ሰጠቻትና ሁሉም መዝሙር ሊለማመዱ ወደ ላይ ወጡ።

ኦዴሳ ቦርሳዋን ከፈተች። ለልጇ ስም ብላ በወረቀት ጠቅልላ ያመጣችው ቢጫ ቀሚስ ውስጡ አለ። ለፋሲካ የገዛችላት ኤርሊን ራሷ ነበረች፤ አንድ ቁልፍ ጎድሎት ስለነበር ከገዛ ሹራቧ ሰማያዊ ቁልፍ ነቅላ ተክላበታለች። ቨርኔታ የሞተችው እሱኑ ለብሳ ነው። ኦዴሳ በቀዝቃዛ ውኃና በጨው አራት ጊዜ አጥባዋለች። ደረቱ ላይ ያለው ቡናማ ነገር አልለቀቀም።

የመጀመሪያውን ወረቀት አስቀምጣ ቆረጠች። ሁለተኛውን ደረቱ ላይ አደረገችው፣ መሐል ለመሐል። ሦስተኛውን ሰማያዊው ቁልፍ ባለበት። ከላይ ወለሉን በእግራቸው እየመቱ ሲዘምሩ፣ እሷ የስፌት መኪናውን እየረገጠች የሮስኮን ስም ዳር ዳሩን ሰፋችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ሲወርዱ አንሶላው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ጃባሪ። «ቢጫ! ከአምስት መንገድ ማዶ ይታያል። ይቺ ቡናማ አበባ ደግሞ እንዴት ታምራለች!»

ኦዴሳ ክሮቿን ወደ ቆርቆሮ ሣጥኑ እየመለሰች ነበር።

ኤርሊን ሰው ደግፏት ቀረበች። ጓንቷን አወለቀችና የልጇን ስም ከመጀመሪያው ፊደል ጀምራ እያለቀሰች ትዳብሰው ጀመር፤ ራሱን የምትዳብሰው ይመስል። «ልጄን» አለች። «የኔን ቆንጆ።»

ጃባሪ ከኋላዋ የተሸካሚዎቹን ተራ ይመድባል፦ «ረጃጅሞቹ ከፊት!»

ሦስተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ ጣቷ ሰማያዊውን ቁልፍ አገኘው። እዚያው ቆመ።