የእጅ ርክክብ

ደምመላሽ ማበጠሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ልጁ ማህደር ሹሩባ እንዲሠራት ጉልበቶቹ መሃል ተቀምጣ ትጠብቃለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እሑድ እሑድ የሚጎነጉናት እሱ ነው። ዛሬ ግን ጣቶቹ ፀጉሯን ይዘው ወዴት እንደሚሄዱ ጠፋቸው።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

በሚሠራበት ሮኬት ፋብሪካ ውስጥ በተለማማጅነት ጀምሮ የሞተር መሐንዲስ ሆነ፤ አርብ ዕለት ደግሞ ዋና መሐንዲስ ተባለ። እዚያ ያለ ርክክብ እድገት የለም። ቁልፍና ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን እጅ የለመደው ሥራም ከተሿሚው ወጥቶ ለተተኪው ይተላለፋል። የርክክቡ ባለሙያ የእጁን ልምድ የሚቀዳውን ቆብ ራሱ ላይ እየደፋችለት፣ «እጅዎ ከሚያውቀው የሚያስቀሩት አለ?» ብላው ነበር።

የእሱ እጅ ከቧንቧና ከቫልቭ ሌላ ምን ያውቃል? «ሁሉንም ውሰዱት» አላት እየሳቀ።

ፀጉሯን እንደገና ከፈለው። ተበተነበት። ስልኩ ሲጠራ በድምፅ ማጉያው ከፈተው፤ ተተኪው ትርሲት ናት።

«ጋሼ፣ በእሑድ ስለረበሽኩዎት ይቅርታ። ጣቶቼ አላስቀምጥ ብለውኝ የእህቴን ፀጉር ጎንጉኜ ጨረስኩት። እኔ እኮ ሹሩባ ሠርቼ አላውቅም። የገረመኝ ደግሞ ግራ ጆሮዋ ጋ ስደርስ፣ እንዳያማት ይመስል፣ በራሳቸው ላላ አሉ።»

ማህደር እጇን ወደ ግራ ጆሮዋ ላከች። ከጀርባው የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ዞር ብላ የአባቷን እጆች አየቻቸው፤ ከዚያ ማበጠሪያውን ቀስ አድርጋ ወሰደችበት።

«እሷ ጋ ውሰደኝ» አለችው።