ባለ አምስት ኮከብ

ኬኩ ላይ አንድ ኮከብ በዛ። የመስተንግዶ ሠራተኛዋ በኮሪያ ጦር ትልቁ ማዕረግ ባለ አምስት ኮከብ መሆኑን አንብባ፣ ኬክ ቤቱን አምስት የቸኮሌት ኮከብ አዘዘች።

«ያንን ማዕረግ በደቡብ ኮሪያ እስካሁን ማንም አልያዘውም! ያለው ወረቀት ላይ ነው» አሉ አለቃዋ አቶ ምንዳዬ። «እንግዳችን ባለ አራት ናቸው። እዚህ የምንሾማቸው መሰለሽ? ሁሉንም አንሺ! ነገ ደግሞ እንዳትመጪ።»

ደቡብ ኮሪያዊው ጄኔራል የኮሪያ ዘማቾች አዳራሽ ሊደርሱ አምስት ደቂቃ ቀርቷቸዋል። ኮከቦቹን በቢላዋ እያነሳች ሳህን ላይ ደረደረችና፣ ከጠዋት ጀምሮ ከዘማቾቹ መካከል የተቀመጡት አዛውንት አስር አለቃ ፊት አኖረችው።

«ይብሉት፣ አባባ።»

«ስኳር አለብኝ፣ ልጄ። ይልቅ ጄኔራሉ ሲገቡ ደግፈሽ አስነሺኝ። በማዕረግ ትንሹ ነው ቀድሞ ሰላምታ የሚሰጠው፤ ዕድሜ ልኬን ቀዳሚው እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ እሺ» ብላ ክሬሙን በጣቷ ለማስተካከል ዞረች።

በሩ ተከፈተ። ጄኔራሉ አዛውንቶቹን እየጨበጡ መጡና አስር አለቃው ፊት ሲደርሱ ቀጥ አሉ። እሷም ዞር አለች። በአስር አለቃው አሮጌ የደንብ ልብስ ትከሻ ላይ፣ በክሬም የተጣበቁ አምስት ኮከቦች ተሰልፈዋል።

ጄኔራሉ በዓይናቸው ቆጠሯቸው። ከዚያ ተረከዛቸውን አጋጭተው ቀድመው ሰላምታ ሰጡ።

«አሳርፍ!» አሉ አስር አለቃው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ምንዳዬ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ነገ በጊዜ ሥራ ግቢ» አሏት።

ቢላዋውን እጃቸው ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።