የበጉ ቬንቲሌተር

ሠራተኛዋ ከመተኛት ብዛት የቆሰለውን የአሮጊቷን ጀርባ እያጠበች ሳለ ልጃቸው አፍንጫውን በመዳፉ ሸፍኖ ገባና የሚያናፍሳቸውን ማራገቢያ፣ ቬንቲሌተሩን፣ ከሶኬቱ ነቀለው። የጣሪያው ቆርቆሮ በካርቲየ 4 ሰፈር የቀትር ሙቀት ይንጣጣ ነበር።

«በጉ እያለከለከ ነው። ለአረፋ የታመመ አይታረድም» አላት። እናቱን ዞር ብሎ እንኳ ሳያያቸው ቬንቲሌተሩን በረንዳው ላይ ለታሰረው በግ ሰክቶለት ወደ መስጊድ ሄደ።

ዝንቦቹ ወዲያው ቁስሉ ላይ ሰፈሩ። አሮጊቷ ትራሳቸውን ነከሱ። ሠራተኛዋ የመግሉን ሽታ እንደ ሁልጊዜው ታግሳ ፍራሹን ከነሴትዮዋ ጎተተችና በረንዳው ላይ፣ ከበጉ ጎን አስተኛቻቸው። በጉ ተነስቶ ገለል አለላቸው።

«እሰይ ልጄ፣ ነፈሰልኝ» አሉ።

ልጃቸው ሲመለስ ሽቶው ቀድሞት ደረሰ። ደጃፉ ላይ ክው ብሎ ቀረ።

«አብደሻል እንዴ? በሽታቸው ቢጋባበትስ?»

እናቱን ከነፍራሻቸው ተሻግሮ በጉ ዘንድ ሮጠ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ የበጉን አፍንጫ በመዳፉ ሸፈነለት።

ሠራተኛዋ ሦስት ወር ሙሉ ያን ቁስል ስታጥብ አንድም ቀን አስመልሷት አያውቅም ነበር። አሁን አስመለሳት።