ፊቷን ያዞረችው ማርትሬዛ

ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ እንዳላማው እኅቱ የብርጓል በአደራ ያስቀመጠችበትን ማርትሬዛ ብር ይዞ ወደ አንጥረኛው አያ አንሙት ቤት ሄደ። ባሏ ጫካ ሲገባ፣ «ብቀር ተዝካሬን አውጪበት» ብሎ የሰጣት ብር ነበር። እንዳላማው ግን ካፖርት አማረው።

አያ አንሙት ለአንድ ጣልያን ሹም የድሮ ብር ያፈላልጋል።

«ተራውንማ ምን ያደርግለታል?» አለ። «እርሱ የሚፈልገው ሲቀረጽ የተሳሳተውን፣ ሁለተኛ የማይገኝለትን ነው። እስቲ አሳየኝ።»

እንዳላማው መዳፉን ዘረጋ። አያ አንሙት ጎንበስ ብሎ አየና ክው አለ።

«አንተ! በማርትሬዛ ሁሉ ላይ ሴትዮዋ ወደ ቀኝ ነው የምታየው፤ ያንተዋ ወደ ግራ ዞራለች! ይቺማ የሦስት ካፖርት ዋጋ ታወጣለች። የማን ናት?»

«የራሴ ናት፣ አያ» አለ እንዳላማው አንገቱን ደፍቶ። ፊቱ በእፍረት ጋለ።

አያ አንሙት ብሩን ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን ወጣ። እዚያ ሲያያት ሴትዮዋ እንደ ማንኛዋም ወደ ቀኝ ታያለች።

«ዓይኔ ነው መሰለኝ» ብሎ ብሩን መለሰለት።

በእንዳላማው መዳፍ ላይ እንደ ገና ወደ ግራ ሆነች።

እንዳላማው እጁን ሊጨብጥ ፈለገ፤ አልደፈረም። አያ አንሙት ከራሱ ከረጢት አንድ ብር አወጣ። ጠዋት ከገበያ ያመጣው ተራ ብር ነው፤ ሴትዮዋ ወደ ቀኝ ማየቷን ሁለቱም አዩ።

«እስቲ ይቺንም ያዝ» አለው ቀስ ብሎ።

ብሩ መዳፉን እንደ ነካ ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች።