ባለቤት ያጣው ማሽን

አርክቴክቷ ከአሮጌው ሰርቨር ጀርባ ተንበርክካ ጥቁር ገመድ ጨበጠች። የምትነድፈው ሕንፃ አልነበረም፤ በሆስፒታሉ ውስጥ የትኛው ኮምፒውተር መረጃ ለየትኛው እንደሚያቀብል በካርታ ላይ ታሰፍር ነበር። በካርታዋ ላይ አንድም መስመር ያልነካው ይህ ማሽን ብቻ ነበር።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅ፤ የማን ነው?»

በሩ ላይ የተደረደሩት የክፍል ኃላፊዎች እርስ በርስ ተያዩ። የእኔ ነው ያለ፣ ጣጣውም የእሱ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። የላብራቶሪው ኃላፊ ደግሞ፣ «እኛ እንኳ ዞር ብለን ካየነው ቆይተናል» አለ።

«እንግዲያው ባለቤት የለውም» አለችና ገመዱን ነቀለችው። ከማሽኑ ጀርባ ይሰማ የነበረው ጉምጉምታ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

«ኧረ በፈጠረሽ!» የላብራቶሪው ኃላፊ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሮ ዘሎ ገባ። «ቀዶ ሕክምና ክፍል የደም ውጤት የሚደርሰው በእሱ ነው! አሁን እንኳ ጠረጴዛው ላይ ሰው አለ!» ገመዱን ከእጇ መንጭቆ፣ ሶኬቱን በዳበሳ ፈለገ።

እሷ ግን ካርታዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ከማሽኑ እስከ ላብራቶሪው ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች።

«ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ» አለችው። «የነቀልኩት የማራገቢያውን ገመድ ነው፤ ማሽኑ አልጠፋም።»